በገዳሪፍ ብሎን የተቃኙ ዘፈኖች

አባዬን ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ሰንብቶ ወደ ቤት ሲመለስ፣ ከነበረው ቃል ሁሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የኛ አይደለም። «ተማም» ነው የሚለው። ሱዳን ውስጥ ለኖረ ሰው ይህን ቃል መተርጎም አያስፈልግም፤ ላልኖረ ግን «ደህና ነው፣ ልክ ነው፣ ይሁን» እንደ ማለት ነው። ራበህ? ተማም። ጠማህ? ተማም። ትራሱን ከፍ ላድርግልህ? ተማም። አንድ ቀን እግሩ በአንገረቡ፣ በገመድ አልጋው፣ እንጨትና ገመድ መሐል ተሰንቅሮ፣ ፊቱ በሕመም ተጨማዶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ተማም፣ ተማም» ሲል ደረስኩበት። ሣቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጡብኝ።

እማዬ ግን አልሣቀችም። ያችን ቃል ከጥንትም አትወዳትም። አባዬ በወጣትነቱ ከጎንደር ገጠር በእግሩ ተነሥቶ በገላባት ድንበሩን ሲሻገር መጀመሪያ የተማራት የዐረብኛ ቃል እሷ ናት። ወረቀት ለሚጠይቀው ፖሊስ ተማም፣ ለሰሊጥ እርሻው አለቃ ተማም፣ ለቤት አከራዩ ተማም። «እንዲያልፉህ የምትሰጣቸው ናት» ይለን ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ግን ከጫማው ጋር በር ላይ ጥሏት ነው የሚገባው። በግቢያችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። እኛ ልጆቹ ዐረብኛውን ደባልቀን ስንናገር ሁለት ጆሮውን ይዞ «አመመኝ» ይላል።

«ዕድሜ ልኩን በአማርኛ ሲጨቀጭቀኝ ኖሮ፣» አለች እማዬ ከሆስፒታል በመጣን ሰሞን፣ «ለኔ የተረፈችኝ የፖሊስ ቃል ናት? እኔን ነው ወረቀት ጠያቂ ያደረገኝ?»

ከዚያ ወዲያ ስታበላው አንገቷን ደፍታ ሆነ። ታጥበዋለች፣ ልብሱን ትለውጥለታለች፣ ዝንቡን ታባርርለታለች፤ አታዋራውም። ብታዋራው «ተማም» ሊላት ነው። እኔም አንዳንዴ ሁለቱን ከሩቅ እያየሁ፣ እነዚያ ስለ ጨው ማነስና ስለ በር አለመዝጋት ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ የሚውሉ ሰዎች የት ሄዱ እላለሁ። ንትርካቸው የሚናፍቀኝ ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለክትትል ሆስፒታል ስንመልሰው ያየችው ሐኪም ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች ሴት ናት። አባዬን በዓይኗም በእጇም መረመረችውና ወደኛ ዞረች።

«መናገሪያው ነው የተጎዳው። ይሰማል፣ ይገባዋል» አለችን በዐረብኛ። «መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዝፈን አያቅተውም። በወጣትነቱ የሚወዳቸውን ዘፈኖች አሰሙት። በዚያ በኩል የሆነ ነገር ሊመጣለት ይችላል። እርግጠኛ ሆኜ አልነግራችሁም፤ ግን ሞክሩ።»

እማዬ የቶቧን፣ የሱዳን ነጠላዋን፣ ጫፍ አፏ ላይ እንደ ያዘች፣ «በአማርኛ?» አለቻት።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «በለመደው ቋንቋ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ራክሻው ውስጥ አባዬን በመሐላችን አስቀምጠን፣ ባለ ሦስት እግሯ በየጉድጓዱ እያነጠረችን፣ እማዬ በአናቱ ላይ አሻግራ አየችኝና «በይ እንግዲህ» አለችኝ። ይኸው ነው ትእዛዙ። የሰባዎቹን ዘፈኖች መሰብሰብ የጀመርኩት በዚህ ነው።

ሰባዎቹ ስል በኛ አቆጣጠር ነው፤ ያ ወላጆቼ የተሰደዱበት፣ እኔም ወደ መጨረሻው የተወለድኩበት ዘመን። ዘፈኖቹ ግን ከነሱ ጋር አልተሰደዱም። ኋላ በሎሪ ሾፌሮች ኪስ በመተማ በኩል አንድ አንድ እያሉ ነው የመጡት። ጡሩምባው የሚጮህባቸው፣ ኦርጋኑ የሚያለቅስባቸው፣ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ባንዱ ብዙ የሚፎክርባቸው ዘፈኖች ናቸው። እኔ ቋንቋዬን ከእናትና ከአባቴ ተማርኩ እላለሁ እንጂ ግማሹን የተማርኩት ከነሱ ነው። የወላጆቼን መንደር ሳላየው መስኩን፣ ክረምቱን፣ የወንዙን ሙላት በዘፈን አውቀዋለሁ።

የአባዬ ካሴቶች ራሳቸው ቢኖሩ ይህ ሁሉ ልፋት ባላስፈለገ። አንድ የብስኩት ካርቶን ሙሉ ነበሩ። ግማሾቹን የገዳሪፍ ሙቀት አጣመማቸው። የተበላሹትን አባዬ ራሱ ክራቸውን እየመዘዘ የጓሮው ማሽላ ላይ ለወፍ ማስፈራሪያ አሰራቸው፤ ነፋስ ሲነካቸው ያብለጨልጩ ነበር። የቀሩት ቤት በቀየርን ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ ጠፉ። ቴፑም፣ እዚህ ሙሰጀል የምንለው፣ ከነሱ ቀድሞ ሞቷል።

ስለ ሙሰጀሉ አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ቤታችን መብራት ያልነበረው ጊዜ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆናለች። ያን ጊዜ አባዬ ድንጋዮቹን ያወጣና በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። እኛ ዶሮ እንዳትበትናቸው እንጠብቃለን። ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲከታቸው ዘፋኙ ነፍስ ዘርቶ ይነሣል፣ አባዬም «ጎሽ» ይለዋል፤ ድንጋዩን ይሁን ዘፋኙን እንጃ።

እኔ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት አለችኝ። ችኩል ነኝ፤ ደንበኞቼ «እጅሽ ፈጣን ነው፣ አፍሽ ግን ይቀድመዋል» ይሉኛል። ሹሩባ የሚሠራላት ሴት ደግሞ የትም አትሄድም፤ ጭንቅላቷ በእጄ ነው። ስለዚህ የተቀመጠችውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ «እናትሽ እቃ ስታጥብ ምን ትዘፍን ነበር?» ወደ ሊቢያ እሄዳለሁ ብላ እዚህ ሻይ በመሸጥ የቀረች የጎጃም ልጅ ሁለት ሰጠችኝ። ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የመጣች ሴት፣ በትግርኛ ተናግራ በአማርኛ ዘፍና፣ አንዱን ከነጡሩምባው በአፏ ተጫወተችልኝ። እዚህ የተወለዱት ልጆች ግን ይስቁብኛል። «ኻልቲ፣ ይሄ እኮ የኖኅ ዘመን ነው» አለችኝ አንዷ፤ ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። ጉንጉኗን ትንሽ ጠበቅ አደረግኩላት።

ሕግም አወጣሁ። ዘፈን ስለ ወደድኩት ብቻ ስብስቤ ውስጥ አይገባም። ከሁለት አገር የመጡ ሁለት ሴቶች ሊያውቁት ይገባል። አንዷ ብቻ ካወቀችው የግሏ ነው፤ ሁለት ካወቁት ያኔ ዘፈኑ የዘመኑ ነው ማለት ነው። እማዬ ደግሞ የመጨረሻዋ ዳኛ ናት። ማታ ማታ ያገኘሁትን ሳዜምላት «ይሄ የዚያን ጊዜ አይደለም፣ ኋላ የመጣ ነው» ብላ ትጥልብኛለች። ስከራከራት «አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ? እኔ ወገብ ላይ» ትለኛለች። 

ዘፈኖቹን የማወርደው የሳተላይት ኢንተርኔት ካለበት ሱቅ ነው። ከካርቱም የመጣው ሰው ከተማውን ከሞላው ወዲህ ሱቁ ደጃፍ ላይ መቀመጫ አይገኝም። ሁሉም ስልኩን ወደ ጣሪያው አንጋጦ ዘመዱን ይፈልጋል። አንዱ እናቱ ትኑር አትኑር የሚጠይቅበትን መስመር እኔ በአሮጌ ዘፈን ስሞላው ትንሽ ያሳፍረኛል። ግን እኔም አባቴን ነው የምፈልገው።

ቀስ በቀስ ስብስቡ ሞላ። አንድ ዘፈን ብቻ ጎደለ፤ እሱም ዋናው።

ያ ዘፈን እማዬና አባዬ የተገናኙበት ነው። እዚሁ ገዳሪፍ፣ የአንዲት የአገራቸው ልጅ ሠርግ ላይ፣ በትልቅ ራኩባ፣ በሣር ዳስ ሥር። እሷ ከአክስቷ ጋር መጥታ ጥግ ተቀምጣለች። እሱ ከሐዋታ የሰሊጥ መከር መመለሱ ነው፤ በኪሱ አዲስ ያስቀዳት አንዲት ካሴት አለች። አስከፈታት። አዝማቹ ላይ ዘፋኙ «ነይ» ብሎ ይጣራል። አባዬ እስክስታውን እየወረደ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ጣቱን ወደ እማዬ ቀስሮ አብሮ ተጣራ። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር» ትላለች። አልተነሣችም። እሱ ዘፈኑን አስመለሰ። አሁንም አልተነሣችም። ሦስተኛ አስመለሰ፤ አክስቷ ናት ገፍታ ያስነሣቻት። «እኔ በራሴ አልተነሣሁም» ትላለች እስከ ዛሬ።

ከተጋቡም ወዲያ ያ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር አባዬ ግቢው መሐል ቆሞ «ነይ» ይላታል። እሷ ደንቆሮ ትሆናለች። ሽንኩርቷን ትከትፋለች፣ ልብሷን ታጥባለች። በሦስተኛው ጥሪ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «በአንድ ጥሪ የምትመጣ ዶሮ ናት» እያለች ትመጣለች። እኛ ልጆች ይህን በቃላችን እናውቀው ነበር፤ ሦስተኛው ሲደርስ ቀድመን እናጨበጭባለን።

ስሙን ግን ማንም አያውቀው። ካሴቱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በኢንተርኔቱ «ነይ» ብዬ ብፈልግ የመጣልኝ ዘፈን ብዛቱ! አገራችን ውስጥ ሴት ያልጠራ ዘፋኝ የለም ለካ።

ያንን እየፈለግሁ ያሉኝን ለአባዬ ማሰማት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ራኩባው ሥር፣ ስልኬን ከጎኑ አስቀምጬ ከፈትኩለት። እማዬ ከወዲያ ሥራ የያዘች መስላ ታያለች። አባዬ ትንሽ ሰማ። ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ በደህናው በግራ እጁ ስልኩን አነሣና፣ ክንዱን የቻለውን ያህል ዘርግቶ፣ በሣሩ ቀዳዳ ፀሐይ የገባበት የአንገረቡ ጠርዝ ላይ አኖረው። ጀርባውን ወደ ላይ ገልብጦ።

መልሼ ከጎኑ አደረግሁት። መልሶ ወሰደው። ሌላ ዘፈን ከፈትኩ፤ እሱንም ፀሐይ ላይ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሠልስቱም። ስልኩ ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ካልፈለግህ አልፈልግም በል!»

አየኝ። ያ ዓይኑ ሁሉን የሚናገር ዓይን ነው። አፉን ከፈተ፣ ታገለ፣ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። «ተማም» አለኝ።

እማዬ ከወዲያ ተነሥታ መጣችና ስልኩን ከፀሐዩ አንሥታ ሰጠችኝ። «ተይው ልጄ። ዘፈኑንም ጠልቶታል» አለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። እናቴ ተስፋ ስትቆርጥ አትጮህም፣ ትለሰልሳለች። ለዘፈኑ አይደለም ያዘነችው። ጥላቻው በዘፈኑ በኩል ወደሷ የመጣ መስሏት ነው። ያ ሰው «ነይ» ሲላት የኖረው ከልቡ እንደ ነበረ፣ አሁንም ውስጡ እንዳለ፣ አንድ ምልክት ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

እኔም ተውኩት።  ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እማዬ ራሷ፣ ልብስ እያሰጣች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «ያን ሸሪት የቀዳለት ሰውዬ እኮ አለ። ገበያው ውስጥ መነፅር ይሸጣል» አለች። ሸሪት ካሴት ነው። ወደኔ አላየችም። እኔ ግን ጫማዬን ፈለግሁ።

ሰውዬው ከአባዬ ቀደም ብለው የመጡ የጎንደር ሙስሊም ናቸው። የሰሊጥ በረንዳው ጀርባ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የንባብ መነፅር ደርድረው ተቀምጠዋል። ራሳቸው ያደረጉት መነፅር አንዱ እጀታው በክር ታስሯል። ሰላምታ ተሰጣጥተን ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«አንድ ዘፈን ስሙን ይነግሩኛል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ስም? የስንቱን ስም ረስቼ! በይ ዜማውን አምጪው።»

እዚያው ቆሜ አንጎራጎርኩላቸው። ሰሊጥ ተሸካሚዎቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩኛል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ መቱ፤ ከዚያ ጣታቸው ቆመ፤ ከዚያ ትከሻቸው በሣቅ ተናጠ።

«ምነው ጋሼ? ድምፄ ነው?»

«ድምፅሽስ ደህና ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው።

«የዚያ የጨፋሪው! አውቄዋለሁ። ሐዋታ ከመውረዱ በፊት እኔ ዘንድ ሳይደርስ አይሄድም።» የዘፈኑን ስም ነገሩኝ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ከነዘፋኙ። ከዚያ ጠጋ አሉና፣ «ግን ልጄ፣ ዘፈኑን ማን እንዲህ አስሮጠብሽ?» አሉ።

«ማንም። እንዲህ ነው የማውቀው።»

«እንዲህ አይደለም። ይህ ዘፈን ቀስ ያለ ነው። ወላሂ፣ አንቺ በኔ ብሎን ነው ያደግሽው።»

አልገባኝም። አስቀመጡኝና አጫወቱኝ። «ሠራተኛው ለመከር ሲወርድ አንዲት ሸሪት ነው የሚይዝ። ወቅቱን ሙሉ እሷኑ ነው የሚሰማ። እና የመጨረሻው ዘፈን ሳያልቅ ክሩ ያልቅበታል። ከመከር ይመለስና ይጣላኛል፤ ዘፈኔን ቆረጥህብኝ ይላል። እውነቱን ነው። እዚያ ዱር ውስጥ ያላለቀ ዘፈን ይዞ መክረም ይከብዳል። ከምቀዳበት ማጫወቻ ሞተር ጀርባ አንዲት ብሎን አለች። መፍቻ አስገባሁና ትንሽ አዞርኳት። ዘፈኑ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ፈጠነ፤ በየጎኑ የአንድ ዘፈን ቦታ ተረፈ። ምራቂ ጨመርኩላቸው።»

«ማንም አላወቀብዎትም?»

«በምን ይወቅ? ሌላው ቀጂም ከኔ ነው የሚቀዳ። ከዚህ እስከ ገላባት ያለ የአገር ልጅ በኔ ብሎን ነው የጨፈረ።»

«አገር ቤት ያለው ሰው ቢሰማ ምን ይል ይሆን?»

«እነሱ ናቸው የሚጎተቱ!» አሉ፣ ከልባቸው ተቆጥተው። «ማን ተጎዳ? ትከሻ ነው የበረታ።»

አብሬያቸው ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሣቁ መሐል ላይ ቀረ። አባዬ ሳይታመም የአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ መተማ ተሻግረን ነበር። ከሰባዎቹ አንዱን ከፈቱ። እኛ የገዳሪፎቹ ዘለን ገባን፤ ግን ትከሻችን ከከበሮው ይቀድማል፣ እንጠብቀዋለን፣ ደግሞ ይቀድማል። የመተማ ሰው ይስቃል። አባዬ መሐል ሜዳ ቆመና ሙዚቃ ወደሚያጫውተው ሰው ጮኸ፤ «ድንጋዩ አልቋል! ፀሐይ አሙቁለት!» ሰው በሣቅ ወደቀ። በዚያ ሁሉ መብራት፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ፣ ድንጋይ! እኔ አፍሬ እጅጌውን ይዤ አስወጣሁት።

እና ስልኬ። ፀሐዩ ላይ፣ ጀርባው፣ ባትሪው ያለበት በኩል፣ ወደ ላይ ተገልብጦ።

ዘፈኑን አልጠላውም። ድንጋዩ ደክሞ ነው ብሎ ሊያሞቅልኝ ነው። አባቴ ውስጡ ሙሉ ነው፤ ዜማውን ያስታውሳል፣ ፍጥነቱን ያስታውሳል፣ የተበላሸ ነገር እንዴት እንደሚጠገን ያስታውሳል። በየቀኑ ሲነግረኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ሽማግሌውን በደንብ መሰናበቴን እንጃ። እንባዬን እየጠረግሁ ስወጣ «መነፅር ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ዘፈኑን አወረድኩ። እውነትም ይጎተታል፤ እኔም ብሆን ድንጋዩ አልቋል እል ነበር። ስልኩ ላይ ዘፈን የሚያፈጥን አፕ ጫንኩና በጣቴ ትንሽ ገፋሁት። ገና ነው። ደግሞ ትንሽ። ስንት ልግፋው የሚለኝ የለም፤ ትከሻዬን ነበር የማዳምጠው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ትከሻዬ ራሱ እሺ አለ። እዚያ ላይ ተውኩት።

ዛሬ ስብስቤ ውስጥ ያሉት ሁሉ በዚያ ልክ ናቸው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ቢሰማቸው የሚያሳድዳቸው አለ እንዴ ይላል። እኔ ግን ፀጉር ቤቴ ውስጥ እከፍታቸዋለሁ፤ ሹሩባውም ቶሎ ያልቃል። ያን ቀን ግን ያፈጠንኩት አንዱን ብቻ ነበር።

ቤት ስደርስ ፀሐዩ ገና አልበረደም። አባዬ ራኩባው ሥር አንገረቡ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። እማዬ ግቢው ጥግ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ በሰፌድ ማሽላ ታበጥራለች። ስልኩን ሳወጣ አየችኝ።

«ደግሞ መጣሽ? ተይው አልኩሽ እኮ።»

 ስልኩን ከአባዬ ጎን አስቀመጥኩና ከፈትኩት። ጡሩምባው ጀመረ። የአባዬ ግራ እጅ ተነሣ፣ ወደ ስልኩ ሄደ። አሁንም ሊያሰጣው ነው አልኩ። እጁ ስልኩ ላይ አረፈ። አላነሣውም። እዚያው ላይ አቆየው።

ከዚያ ግራ ትከሻው ከፍ አለ። ወረደ። ደግሞ ከፍ አለ። ቀኙ አልተከተለውም፤ ግራው ግን ዜማው ላይ ነበር፣ ልክ ዜማው ላይ። የሰፌዱ ድምፅ ከጀርባዬ ቆመ።

በመጀመሪያው አዝማች ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለውም። በሁለተኛው ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። በሦስተኛው፣ ከዘፋኙ ትንሽ ዘግይቶ፣ ምላሱ ከብዶት፣ ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቶ፣ «ነይ» አለ።

አማርኛ ነው። እኔ መሬቱ ላይ ተቀምጬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ዘፈኑ እንዳያልቅ ለመንኩ፤ ሲያልቅ ቃሏንም ይዟት የሚሄድ መሰለኝ። አለቀ።  አባዬ አንገቱን በቀስታ ወደ ኒሙ ዛፍ አዞረ። አሁን ዘፋኝም ጡሩምባም የለም።

«ነይ» አለ።

ያቺ ለዚያ ጥሪ ከሦስተኛው በፊት ተነሥታ የማታውቅ ሴት፣ ሰፌዱን ከነማሽላው ጥላ ተነሣች። ጫማዋን እንኳ አላደረገችም። መጥታ አንገረቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የማይንቀሳቀሰውን እጁን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ተማም» አለችው።